ለቤዝመንቱ ሪሲት የለኝም

«ጋሼ፣ ለቤዝመንቱ ላወጡት ሪሲት ከሌለዎት ከታክሱ ላይ ምንም አይቀነስልዎትም» አለችኝ ዛሬ ታክስ የምትሠራልኝ ሰሚራ።

እዚህ ብሩክሊን ሴንተር የሚባል ከተማ ያለውን፣ ሳከራየው የኖርኩትን ቤት ባለፈው ሳምንት ሸጬ ቁልፉን አስረከብኩ። ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ለኩላሊቷ ሕክምና የሚበቃ ገንዘብ እልካለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የሽያጩ ታክስ ሲቀነስ የሚተርፈው ግን ለሕክምናው አይበቃም።

ቤቱን የገዛሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። ያኔ ከቤቱ ሥር ያለው ቤዝመንት ባዶ ሲሚንቶ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አምስት ጓደኞቼ በየቅዳሜው እየመጡ ሠሩልኝ።

አናጢያችን ተስፋይ ነበር፤ አስመራ ተወልዶ አማርኛውን ከኛ አሳምሮ የሚናገር። እንጨቱን ሁሉ በራሱ ትራክ ጭኖ አመጣና ሒሳቡን ስጠይቀው ተቆጣኝ። «ልትከፍለኝ ነው እንዴ?»

ክፍያቸው ባለቤቴ የምትሠራላቸው ምሳ ነበር። እስቲ አሁን ለዶሮ ወጥ ማን ሪሲት ይቆርጣል?

ይህን ስነግራት ሰሚራ «እነሱ የፈረሙበት አንድ ወረቀት እንኳ የለም?» አለችኝ።

የፈረሙበትስ አለ፤ ወረቀት አይደለም እንጂ። ግድግዳውን ከመዝጋታችን በፊት ተስፋይ ሁላችንንም እንጨቱ ላይ በእርሳስ አስፈርሞን ነበር። እሱ አምና አረፈ። ፊርማው ከግድግዳው ጀርባ ነው፤ ግድግዳውን ደግሞ ሸጬዋለሁ።

በጓደኛ ጉልበት የተሠራ ቤት የሸጣችሁ ካላችሁ፣ እናንተ የታክስ መሥሪያ ቤቱን ሰዎች ምን ብላችሁ አስረዳችኋቸው? ቶሎ ጻፉልኝ። እህቴ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ እስካሁን አላነሳሁላትም።