የእሜቴ ሰኮና

ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ በሐሳብ ዩለስ ከተማ ወደነበረው አፓርትመንታችን እመለሳለሁ። እናቴ በምትሠራበት የአራዊት ማቆያ፣ ዙ ውስጥ፣ ቀጭኔ ስትንከባከብ የምትይዛት፣ በአውራ ጣት ስትጫን ጠቅ የምትል ትንሽ ፕላስቲክ ነበረቻት፤ ቀጭኔዋ የተባለችውን ስታደርግ ጠቅ ታደርግና ሰላጣ ታጎርሳት ነበር። ቤትም ይዛት እየመጣች፣ አባቴ ከኤርፖርት የሻንጣ ጭነት ሥራው ገብቶ ጫማውን በቦታው ባስቀመጠ ቁጥር ጠቅ ታደርግና ካሮት ታቀብለው ነበር። «እኔ በካሮት አልታለልም» እያለ ይበላታል።

ቀጭኔዋ አርጅታ ነበር። በበጋው ሙቀት ወጣቶቹ ሜዳውን ሲዞሩ እሷ ጥላ ሥር ቆማ ታመነዥክ ነበር፤ እናቴም «እሜቴ» ብላ ስም አውጥታላት፣ በአንቱታ ነበር የምታናግራት። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዛኝ ስትሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እየሰማሁ እስቅ ነበር።

«ማሚ፣ እንስሳ አንቱ ይባላል እንዴ?»

«እኔ ሳልቀጠር እዚህ የነበረች ናት፤ ታዲያ አንቺ ልበላት?»

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የእሜቴ የፊት ሰኮና ከልክ በላይ አድጎ፣ መገጣጠሚያዋም እየጠዘጠዛት ታነክስ ጀመር። ሰኮናው መሞረድ ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ እግሯን ራሷ አንሥታ የእንጨት መርገጫ ላይ ማሳረፍ አለባት። የእንስሳት ሐኪሙ እስከ ጸደይ ካልለመደች በማደንዘዣ እንደሚያስተኟት ተናገረ። እናቴ ያን ዕለት እራቷን ሳትነካ፣ «በዚህ ዕድሜዋ ከተኛች ላትነሣ ትችላለች» አለችን።

ብርዱ ገብቶ መንገዱ በረዶ ሲጋግር፣ እሜቴ ማሞቂያ ባለው ቤቷ ትውል ነበር፤ እናቴም ከብረት አጥሩ ማዶ ሆና፣ «እስቲ እግርዎን እዚህች ላይ ያሳርፉልኝ» እያለች በየቀኑ ትለማመጣት ነበር። እሜቴ ሰላጣውን ትበላለች፣ መርገጫውን ግን አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። እናቴ ለኛ የምትነግረን ወሬ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ሊወስደን መጥቶ፣ የእናቴ አለቃ ፈቅዳለት ትንሽ ቆሞ ተመለከተ። ከዚያ ወገቡን በመዳፉ እያሸ፣ «ከፍ ብሎባት ነው እኮ» አለ። «እኔም ወገቤ ሲነሣብኝ ከፍ ያለ ቦታ ሻንጣ መስቀል አልችልም። ዝቅ አድርጉላት።»

እናቴ ዞር ብላ አየችው። «ይሄን ሁሉ ወር የት ነበርክ?»

በሳምንቱ መርገጫው በአንዲት ስስ ሳንቃ ተተካ። ጸደይ ገብቶ የመንገድ ዳሩ ሣር በሰማያዊ አበባ በተሸፈነበት ሰሞን፣ እኔና አባቴ ጥግ ይዘን ቆመን ሳለ፣ እሜቴ ረጅም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሳንቃዋን አሸተተች፣ ቆየች፣ እንደገና አሸተተች፣ ከዚያም እግሯን ቀስ ብላ አሳረፈች። ሐኪሙ ሞረዱን ሲያንቀሳቅስ ከእሜቴ በስተቀር ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር፤ እሷ ሰላጣዋን ታኝክ ነበር። እናቴ ቀጭኔዋ እንዳትደነግጥ ብላ እልልታዋን በመዳፏ አፍና አቆይታ፣ ፓርኪንጉ ላይ ስንደርስ ለቀቀችው፤ መኪናቸውን ፓርክ የሚያደርጉ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን፣ ወገቤ ወገቤ ሲል የከረመው አባቴም እስክስታ ወረደ።

እሜቴ ከዚያ በኋላ ሳታነክስ ጥቂት ዓመታት ኖራ፣ በእርጅናዋ ሞተች።

ዛሬ እናቴ ጡረታ ወጥታ ፕሌኖ ከተማ እኔ ጋ ትኖራለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት፣ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን ስንዞር በየጥቂቱ ትቆማለች። ያኔ ከዙው ስንወጣ በየአጥሩ እየቆመች እንስሶቹን ስትሰናበት፣ እጇን እየጎተትኩ «ቶሎ በይ!» የምላት እኔ ነበርኩ። አሁን ደግሞ እሷ፣ «አንቺ ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ» ትለኛለች። ኦኬ እላትና፣ ክንዷን ይዤ አብሬያት እቆማለሁ።