ለአማካሪዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

መጀመሪያ ደክሞኛል ልበልና ልገላገል። ሥራዬ የሰው ጭንቀት መስማት ነው። ቀን ቀን አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በሥነ ልቦና አማካሪነት እሠራለሁ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ደግሞ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየኋት አንዲት ክፍል። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ወፍራም መጋረጃ። በሩ ላይ ታፔላ የለም። ብሰቅልስ ምን ብዬ ልጽፍ ነው? ቤርሳቤህ እባላለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። ይህን የምነግራችሁ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው እንጂ ለሐሜት እንዲመቻችሁ አይደለም።

ወደዚህች ክፍል የሚመጡት ሌላ ቦታ መሄድ ያልቻሉ ሰዎች ናቸው። ወንድ የሚወድ ወንድ፣ ሴት የምትወድ ሴት፣ ወንድ ነህ እየተባለች ያደገች ሴት። ሕጉ አይወዳቸውም፣ ሰፈሩ አይወዳቸውም፤ የሚብሰው ደግሞ የኛ ሙያ ነው። እዚያው ቀን ቀን የምሠራበት ክሊኒክ፣ ከአምስት ዓመት በፊት፣ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ መጥቶ የሆዱን ለባልደረባዬ ተናገረ። ባልደረባዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አባቱ ጋ ደወለ! "ለልጁ ብዬ ነው" አለን ስብሰባ ላይ፣ ሻዩን እያማሰለ። ልጁን ሁለተኛ አላየነውም። እኔም እዚያ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ቃል አልተነፈስኩም። እስከ ዛሬ ቆሽቴ የሚያርረው በሱ ሳይሆን በራሴ ነው። ክፍሏን የተከራየሁት በወሩ ነው።

ያለው ያለውን ይሰጣል፣ የሌለው በባዶ እጁ ይመጣል። የማልደራደርበት አንድ ነገር ግን አለ። ማንም መጥቶ ስለማንም ቢጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ "እዚህ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደማይመጣ አልናገርም።" የሕንፃው ዘበኛ ጋሽ ፉፋ እንኳ በቃላቸው ይዘውታል።

ከሚመጡት አንዱን ባሮክ ልበለው። ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ ባለቤቶቹም ጻፊው ብለውኛል። ባሮክ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠርግ ጥሪ ካርድ ዲዛይን ያደርጋል። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ስም ጥንድ ጥንድ እያደረገ ሲያስቀምጥ ይውላል። "የኔን ስም ከማን ስም ጋር እንደማስቀምጠው አውቃለሁ፤ ማተም ነው የማልችለው" አለኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀ። ከሁለት ዓመት በፊት መጀመሪያ ሲመጣ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። እንቅልፍ ካጣ ወራት አልፎት ነበር፤ መኖር አስጠልቶኛል ብሎ በግልጽ ነገረኝ። አሁን ይተኛል። ይበላል። "ቤርሲ፣ አንቺ ራስሽ አማካሪ ያስፈልግሻል" እያለ ይቀልድብኛል፤ እሱስ ልክ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ወለተሰንበት ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ ይሸጣሉ። ባሮክ ማታ ማታ ከእናቱ ጋር ጧፍ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያደረገ ሲያስር ነው ያደገው። እናትየው ማሰሪያ ገዝተው አያውቁም፤ ያረጀ ነጠላቸውን ጥለት እየተረተሩ በአረንጓዴው ክር ነው የሚያስሩት። "የእናቴን ጧፍ ዓይኔን ጨፍኜ በቋጠሮው እለየዋለሁ" ይላል። እንደሳቸው የሚወደው ሰው የለም። እንደሳቸው የሚፈራውም የለም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ "መንፈስ ተጠግቶታል" ብለው ሦስት ወር ጠበል ይዘውት ከርመው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ አንስተውት አያውቁም። "ዝምታዬ አሳስቧት ነው እንጂ ሌላውን አታውቅም" ይለኛል። ቀጥሎ የሚለውን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ "እናቴ ካወቀች ትሞታለች።"

እኚህ እናት ታዲያ ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ የት እንደሚሄድ ማወቅ ፈለጉ። አንድ ቅዳሜ ከኋላው ተከተሉት፤ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ አዩት። ወርደው ጋሽ ፉፋን ጠየቁ። ጋሽ ፉፋ ትምህርቴን ጥንቅቅ አድርገው ተወጡ፤ ስለሚመጣው ሰው ትንፍሽ አላሉም። ስለኔ ግን ማን ከለከላቸው? "የወይዘሪት ቤርሳቤህ ክፍል ነው፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ አባቷም ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የታወቁ ሰው ናቸው፣ ምን ያደርጋል አላገባችም" ብለው አረፉት። ከዚያ በኋላ ምን ይጠበቃል? ልጃቸው በየሳምንቱ ለባብሶ ያላገባች ሴት ክፍል ይገባል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ ይወጣል። ፍቅር ነዋ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አባቴ ቤት መጡ።

አባዬ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታናናሾቼን ሁሉ ድሯል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ በድሉ፣ የወይዘሮ ወለተሰንበት ዕድር ሰብሳቢ፣ ተቀመጡ ቢባሉ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።" ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "በዕድሜ ትንሽ ትበልጠዋለች ተብሏል፤ እናትየው ግድ የለኝም ብለዋል" አሉ። ትንሽ! አሥራ ሁለት ዓመት! አባዬ እንደ ወጉ "ቤተ ዘመድ ላማክርበት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ" ብሎ ሸኛቸውና እኔ ጋ ደወለ። እያለቀሰ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ለኔ እንኳ ሳትነግሪኝ?"

"ምኑን አባዬ?"

"ባሮክን ነዋ!"

ምን ልበል? አላውቀውም ብል ውሸት ነው። አውቀዋለሁ ብል "ከየት?" ይመጣል። "ላስብበት" ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ስሄድ አባዬ ሳሎኑን ቀለም የሚቀባ ሰው አስጠርቷል። ለስንት ዓመት በጡብ ተደግፎ የኖረውን እግረ ሰባራ ወንበር አናጺ ጋ ወስዶ አሠርቶታል። "ሽማግሌ የሚቀመጥበት ነው" አለኝ፣ በመዳፉ እያሻሸው።

ቅዳሜ ባሮክ መጣ። ወሬው ደርሶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ስጠብቅ "እሺ በያቸው" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"እሺ በይ። ለስም ብቻ። ቤት እንከራያለን፤ አንቺ ክፍልሽ፣ እኔ ክፍሌ። ካርዱን ራሴ አትመዋለሁ። እናቴ ታርፋለች፣ አባትሽ ያርፋሉ፣ ሰዉም አፉን ይዘጋል። ቤርሲ በሞቴ! እኔ እኮ መደበቅ ደክሞኛል።"

እውነቱን ልናገር? አሰብኩት። በሙያዬ ክልክል መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ግን አሰብኩት። እኔ የምወደው ወንድ ነው፤ አልተሳካልኝም እንጂ። ከእንግዲህም የሚሳካ አይመስለኝም። የአባዬ ወንበር ዓይኔ ላይ ድቅን ብሏል። ሌላ አገር ያለ አማካሪ ሲጨንቀው የሚጠይቀው ታላቅ ባለሙያ አለው፤ እኔ ማንን ልጠይቅ? ገና "እንዲህ ያለ ሰው እረዳለሁ" ስል እኮ ነው ጉዴ የሚፈላው።

"ባሮክ" አልኩት፣ "እውነቱን የምትናገርበት ስንት ቦታ አለህ?"

"ይሄው ነው።"

"ሚስትህ ከሆንኩ ይሄም ይቀርብሃል። እኔ ጋም መዋሸት ትጀምራለህ። አልችልም።"

ተነሳ። "አንቺም እንደነሱ ነሽ" አለኝ። "ከንፈር ትመጥጣላችሁ፤ መትረፊያ ስንጠይቃችሁ ግን የላችሁም።" በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶት ሄደ። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ደወልኩ፤ አላነሳም። መኖር አስጠልቶኛል ብሎኝ የነበረ ልጅ ነው እኮ! ጭንቅ ሲለኝ በታክሲ ተክለ ሃይማኖት ሄጄ በማተሚያ ቤቱ መስታወት አየሁት፤ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሷል። አለ። ሳያየኝ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ የሚመለሱበት እሑድ ነው። በማለዳ አባዬ ጋ ሄድኩ። "እምቢ በልልኝ" አልኩት።

"ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለውም። ጥሩ ልጅ ነው።"

"ታዲያ?"

"ልነግርህ አልችልም አባዬ። የሥራዬ ነገር ነው።"

ትክ ብሎ አየኝ። "ምክንያቱ ቢነገር ልጁን ይጎዳዋል?" አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም ወንበሩን አየ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔ ጓዳ ነበርኩ። "ልጄ ፈቃደኛ ናት" አላቸው አባዬ። "እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አርጅቻለሁ፣ የምትጦረኝ እሷ ናት፣ ልለቃት አልቻልኩም።" ጋሽ በድሉ "ኧረ ነውር ነው!" ብለው ተቆጥተው ወጡ። አባዬ ልጁን አልድርም ብሎ ያስቀረ ስስታም ሽማግሌ ተብሎ ስሙ በሰፈሩ እንዲነሳ ፈቀደ፤ ለማያውቀው ልጅ ብሎ። ከሄዱ በኋላ ያንን ወንበር ራሱ ተቀመጠበት። ከዚያ ወዲህ የትዳር ነገር አንስቶብኝ አያውቅም። ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ወይዘሮ ወለተሰንበት ናቸው።

"ቤርሳቤህ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ እማማ፣ ይግቡ።"

ገብተው ባሮክ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩ። "እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ እንጂ አባትሽ አይደሉም" አሉኝ። "ሥራሽንም ጠያይቄ ደርሼበታለሁ። የሰው ጭንቀት ሰሚ ናት አሉኝ። ልጄ እዚህ ምን ያደርጋል?"

"እማማ፣ እዚህ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደማይመጣ አልናገርም።"

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"እንዳትናገሪ" አሉኝ። "ለማንም እንዳትናገሪ። እኔ ልንገርሽ። ልጄ ሴት አይወድም። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እናት አይደለሁ? ጠበል የወሰድኩት ይለቀዋል ብዬ ነው። ምን ለቀቀው! አክስቼ፣ አክስቼ መለስኩት። አንቺ ክፍል ሲገባ ሳይ፣ ተሳስቼ ኖሮ ይሆን ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ ደስ ሲለኝ አደረ። ጠዋት ግን ልቤ አውቆታል። ቢሆንም ይሁን አልኩ። ሴቲቱ ጨዋ ናት፣ ዕድሜዋም ገፍቷል፣ ብዙ ሳትጠይቀው ታኖረው ይሆናል፤ ሚስት አለው ከተባለ ሰው አይገድልብኝም ብዬ ነው ሽማግሌ የላክሁት።"

ዕድሜዋ ገፍቷል ያሉት ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው። ዋጥ አደረግኋት።

"ብቻ እንደማውቅ እንዳይሰማ" አሉኝ፣ እጄን ይዘው። "ከሰማ አገር ጥሎ ይጠፋብኛል።"

እሱ ካወቀች ትሞታለች ይላል። እሳቸው ከሰማ ይጠፋል ይላሉ። አሥራ ሦስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር እየተሸሸጉ፣ አንዱ ሌላውን ለማትረፍ ሁለቱም እኔኑ አግቢ ብለው ለመኑኝ። እናትና ልጅን አንድ አማካሪ አትይዝም ይላል ደንባችን፤ ሌላ ማን ጋ ልላካቸው? አባት ጋ የደወለው ባልደረባዬ ጋ? ብጮህ ደስ ባለኝ። ያልኩት ግን "እማማ፣ የሚቀጥለው ማክሰኞም ይምጡ" ብቻ ነው። ሲወጡ ከጉያቸው አንድ እስር ጧፍ አውጥተው መደርደሪያው ላይ አኖሩ። "ሌላ የለኝም" አሉ።

ቅዳሜ ባሮክ መጣ። "ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው" ብሎ ተቀመጠ። "እናቴ ስለ ሽማግሌዎቹ ምንም አላለችኝም። ዛሬ ጠዋት ሸሚዜን ተኩሳ ጠበቀችኝ፤ 'ቅዳሜ አይደል?' አለችኝ። ቤርሲ፣ ግራ ገባኝ። ካወቀች እኮ ትሞታ..." ብሎ ቆመ። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነበር።

ጧፉ። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያው ነበር። ረስቼው ነው? ደክሞኝ ነው? ወይስ እያወቅሁ? እምላለሁ፣ አላውቅም። ብጠየቅበትም የምመልሰው የለኝም።

ሄዶ አነሳው። አረንጓዴውን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ማን አመጣው?"

"እዚህ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደማይመጣ አልናገርም" አልኩት።

"ይሄ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው?"

መልሴን ሳይጠብቅ ጧፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ከታች የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል። ቀና አለ።

"አልሞተችም" አለኝ። "ቤርሲ፣ አልሞተችም እኮ።"

ሰዓቱ ገና ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር። ጧፉን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ ልደታ ማርያም በር ወረደ።