አሸዋ የሚያራግፈው ሰውዬ

ሽማግሌው ሙንጎ ከተባለው በረሃ ከመነሳቱ በፊት ያለውን ሁሉ ማራገፍ ጀመረ። ጫማውን ከተጎታች ቤቱ ጎማ ጋር አጋጨ፤ የሱሪውን እጥፋት ገለበጠ፤ የመኪናውን ምንጣፍ ደበደበ። አጠገቡ የሰፈረችው ሬይሊን በግራ እጇ ሻይዋን ይዛ ስታየው ሳቋ መጣ። ኋላ ግን በሩ ላይ የተሰቀለ የሴት ባርኔጣ አውርዶ ቀስ አድርጎ ሲያራግፍ አየች። የመጣው ብቻውን ነው።

«አባቴ፣ አሸዋ እንደሆነ ቤት ድረስ ይከተላል» አለችው ለጨዋታ ያህል።

«ይከተላል» አላት ቀና ሳይል። «ያኔ አብረን ስንመጣ ባለቤቴ የጥንት ሰዎች ከተቀበሩበት የአሸዋ ግንብ ሥር አንዲት ጠጠር አነሳች። የአገሩ ነባር ሰዎች አትንኩ እያሉን፣ ‹ለመስኮቴ ጌጥ ትሁነኝ› ብላ። ጠጠሯን ትናንት ከቦታዋ መለስኳት።»

«እሳቸውስ?»

ባርኔጣውን መልሶ ሰቀለና ዞር ብሎ አያት፤ ፊቷን ሳይሆን የጃኬቷን ኪስ።

«አንቺም ከግንቡ ከተመለስሽ ወዲህ ቀኝ እጅሽን አላወጣሽም።»

የሬይሊን ባል የመኪናቸውን ሞተር አስነስቶ «ነይ እንጂ፣ ረፈደ» እያለ ይጣራል። እሷ እጇን ከኪሷ ልታወጣ ሞከረች። ጣቶቿ ከግንቡ ሥር ያነሳችውን ድንጋይ እንደጨበጡ እምቢ አሏት።