ጣሪያ ላይ የተከናነብኩት ሸራ

ቄራ ያለው ወርክሾፕ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊያችን ወይዘሮ ጽጌ ከካቻቢቴና ከፒንሳ አስቀድመው የሰጡኝ ጥቁር ሸራ ነበር። ያረጀ ሶላር ፓነል ከጣሪያ ስናወርድ ሽቦውን ከመንካታችን በፊት እሱን እናለብሰዋለን። "አርጅቷል ብለህ እንዳትንቀው፤ ፀሐይ እስካየ ድረስ ኤሌክትሪክ ይሰጣል" አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ፓነል ስተክል ኖሬ በስተርጅና ነቃይ ሆንኩ።

ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። መስተዋቱ ሳይሰበር ፍሬሙን እናላቅቃለን፤ ከጀርባው ያለውን ሳጥን ቆርጠን መዳቡን እንለያለን። ጉልበት የቀረውን ፓነል በቴስተር ለክተን ለሌላ አገልግሎት እናስቀምጣለን። መንገደኛ ግን ይህን የት ያውቃል? ፓነል ተሸክመን ስንወጣ የሰፈር ልጆች "ቆራሌው!" እያሉ ይከተሉናል። ባልደረቦቼ ይስቃሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ሽማግሌ ሲመጣም ይኸው እፍረት አብሮኝ ተቀምጧል። ልጄን ሰናይትን ለወንድማቸው ልጅ የጠየቁን አቶ ተሾመ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሥራዬን ሲጠይቁኝ "ሶላር ላይ ነኝ" አልኩ፣ በቃ። ማለቴ፣ ውሸት አልነበረም፤ እውነቱም ግን እሱ አልነበረም። ሰናይት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማኝ ነበር። ለመልስ ቀጠሮ ሰጥተን ሸኘናቸው።

ብዙ ሳይቆይ ወይዘሮ ጽጌ መስቀል ፍላወር ካለ አንድ ቤት ፓነል እንዳወርድ ላኩኝ። የቤቱ ሠራተኛ በሩን ከፈተችልኝ፣ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፣ ሸራዬን ዘረጋሁ። ወደ ታች ሳይ በረንዳው ላይ አቶ ተሾመ ቆመዋል። ቤቱ የእሳቸው ነበር።

ጉድ ፈላ! "ልጅህን ለቆራሌ ልጅ?" ብለው ለወንድማቸው ሲነግሩና ጋብቻው ሲቀር ታየኝ። ሸራውን ከፓነሉ ላይ ገፍፌ ራሴ ላይ ጠመጠምኩት፤ ከዓይኔ በቀር የሚታይ አልነበረም። እንደተከናነብኩ ሽቦውን ነቀልኩ። ቀትር ነበር። እሳቱ ብልጭ ብሎ እጄን ለበለበኝና ከቆርቆሮው ተንሸራትቼ መሰላሉ ላይ ተንጠለጠልኩ።

አቶ ተሾመ ሮጠው መጥተው እግሬን ደግፈው አወረዱኝ። አየር እንዳገኝ ብለው ሸራውን ከፊቴ ፈቱት። ዓይን ለዓይን ተያየን።

እሳቸው ግን አልተገረሙም። "እግዜር አተረፈዎት" ብለው ውሃ አስመጡልኝ። ውሃውን ስቀበል እንዲህ አሉኝ፦

"እርስዎ እንዲመጡ ያስጠራችን ሰናይት ናት። 'አሮጌ ፓነል እንደ አባቴ አድርጎ የሚያወርድ የለም' ብላ በወንድሜ ልጅ በኩል የወርክሾፑን ስልክ ሰጠችን።"

ልጄ የኮራችበትን ሥራ እኔ ስሸሽገው ኖሬያለሁ። በሥራዬ ማፈሬ ሳያንስ አሁን ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ። የእጄ ቃጠሎ ከዚህ አይብስም ነበር።

ቤት ስገባ ሰናይት የታሰረ እጄን አይታ "ምን ሆነህ ነው አባዬ?" አለችኝ። ሸራውን ለራሴ ለብሼው ነው አልኳት። እጄን ይዛ ወደ ወንበሩ ወሰደችኝ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ሲመጡ ማንም ሳይጠይቀኝ ሥራዬን ተናገርኩ።

ዛሬ አዲስ ሰው ወርክሾፑ ሲገባ ሸራውን የምሰጠው እኔ ነኝ። የምነግረውም አጭር ነው፦ ሸራው የፓነሉ ነው።