ለጠላት የተሰፋ ጃኬት

አክስቴ ቆዳ ሰፊ ናት። ጨርቅ አይደለም፣ ቆዳ። ልዩነቱን የማያውቅ ሰው ሲያናግራት ፊቷ ይጠቁራል። ጨርቅ ከተበላሸ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል፤ ቆዳ ግን መርፌ አንዴ ከወጋው ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል። ስለዚህ መቀስ ከማንሳቷ በፊት ቆዳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በመዳፏ እየዳበሰች ትቆያለች። ጀርባው የት ጋ እንደሚጠነክር፣ ሆዱ የት ጋ እንደሚለጠጥ በእጇ ታውቀዋለች። ከጀርባው የተቆረጠ ጃኬት ባለቤቱ ቢያረጅ እንኳ ቅርጹን አይለቅም። ከሆዱ የተቆረጠው ሲገዙት ያምርና ብዙም ሳይቆይ ክርኑም ኪሱም ይንዘላዘላል።

ባሏ በሕይወት በነበረ ጊዜ እሱ በጃኬት ሱቃቸው ውስጥ ይሸጣል፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰፋለች። ባሏ ሞተ። ሐዘኗ ገና ሳይወጣላት የባሏ ታናሽ ወንድም የሱቁን ቁልፍ ቀየረ። ስትጠይቀው «ቆዳ የወንድ ሥራ ነው፤ አንቺ ከውስጥ የሚገባውን ገበር ነበር የምትሰፊው» አላት፣ ያውም በሰው ፊት። የስፌት መኪናዋን ተጋግዘን አብረን ወደምንኖርበት ቤት ስናመጣ እሷ መኪናዋ እንዳይጋጭ ትጠነቀቃለች፣ እኔ መንገዱን ሙሉ እራገማለሁ። እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ዚፕ በመቀየርና የተቀደደ በመጠገን ኖረች። ዋርሳዋ፣ ያ የባሏ ወንድም፣ ደግሞ በሱቁ የድሮ ስም ይነግድ ነበር።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ በራችን ተንኳኳ። እሱ ነው፤ ብብቱ ሥር የተጠቀለለ ቆዳ ይዟል። ዓይን አውጣ!

«እትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?» አላት፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል።

ጉዳዩ ወዲያው ወጣ። የቆዳ ነጋዴዎች ባዛር ደርሷል፤ ባለሱቅ ሁሉ የራሱን ሥራ ለብሶ ይቆማል። እሱ የፓይለት ጃኬት አምሮታል፤ ወገብ ላይ የሚቀር፣ አንገቱ የበግ ፀጉር የሆነ፣ ትከሻ የሚሞላ። ሠራተኞቹ አልቻሉለትም። ይህ ሳያንስ የራሱ ስም የተጠለፈበትን ቁራጭ ጨርቅ ከኪሱ አወጣ።

«ይሄን አንገቱ ላይ ከውስጥ ትሰፊዋለሽ። ማን እንደሰፋው ግን ለማንም አይወራም።»

«እሺ» አለች አክስቴ።

እሱ እንደወጣ ደሜ ፈላ። «ከሆዱ ቁረጪለት! እንደ ድንች ከረጢት ይንጠልጠልበት!» አልኳት።

«እሱንማ መጀመሪያ አሰብኩት» አለች ረጋ ብላ። «ያ ለሱ ያንሰዋል። እኔ አገር የሚያወራለት ጃኬት ነው የምሰፋለት። ያየው ሁሉ እንዲህ ያለ ስፋልኝ ይበለው። ከዚያ ምን እንደሚሰፋ እናያለን።»

ፈገግ አለች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ፈራኋት።

ከጀርባው ቆረጠችለት። ቆዳ እንደ ጨርቅ በካውያ አይተኛም፤ ስፌቱን በማጣበቂያ ካጣበቀች በኋላ በትንሽ መዶሻ እየቀጠቀጠች አስተኛችው። ክንድ ሲንጠለጠል እንደሚውለው እጅጌውን ትንሽ ወደ ፊት አጎበጠችው። እያንዳንዱን የመዶሻ ምት ስሰማ ማንን እየመታች እንደሆነ አውቅ ነበር። ሲያልቅ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለችው፤ ማንም ሳይለብሰው ደረቱን ነፋ።

ባዛሩ ላይ ሄጄ አየሁት። ሁልጊዜ ጎበጥ ብሎ የሚሄደው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጥሩ ቆዳ እንዲህ ነው፤ ለማይገባው ሰውም ግርማ ሞገስ ይሰጣል። አንዱ አንገቱን ይዳብሳል፣ ሌላው ዚፑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ማነው የሰፋው?» ሲሉት «እኔ ነኛ!» ይላል ደረቱን እየመታ። አንድ ባለሆቴል ብሌዘር የሚሉትን፣ ዳሌ ላይ የሚወርደውን የቆዳ ኮት በዚሁ እጅህ ስፋልኝ ብሎ አዘዘው። ሌሎችም ተከተሉ።

የቆዳ ኮት ደግሞ ምሕረት የለውም። የፀጉር አንገት የለው፣ ወገቡን የሚይዝ ላስቲክ የለው፣ ጥፋት የሚደበቅበት ቦታ የለም። ዋርሳዋ ኮሌታውን አጣሞ ሰፋ፣ ተረተረ፣ ደግሞ ሰፋ። ባለሆቴሉ ሊለካ ሲመጣ የኮቱ ደረት ላይ የቀዳዳ ሰልፍ አገኘ። «ወንፊት ነው እንዴ ያዘዝኩህ?» ብሎ ሱቁን በጩኸት አናጋው አሉ። ይህን ስሰማ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ዋርሳዋ እኛ ቤት መጣ። ጃኬቱን ለብሷል፣ ቀጥ ማለቱ ግን ቀርቷል።

«እትዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። አውጪኝ!»

«ያዘዙህን ሰዎች ይዘሃቸው ና።»

«እዚህ ቤት?»

«እዚህ ቤት።»

ይዟቸው መጣ። ክፍላችን ጠባብ ናት፤ ባለሆቴሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሌሎቹ ቆሙ፣ ዋርሳዋ በሩ ላይ ተለጠፈ።

«እመቤቴ፣ የዚህን ሰውዬ ጃኬት የሰፉት እርስዎ ነዎት?» አለ ባለሆቴሉ።

«እሱን ይጠይቁት» አለች አክስቴ።

ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ማንንም ልትለካ አልተነሳችም። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«እሷ ናት» አለ በመጨረሻ።

«ይሄን ብቻ ነው የሰፋሁት?» አለችው።

ላቡን ጠረገ። «የሱቁን ልብስ በሙሉ... ወንድሜ እያለ የሰፋችው እሷ ናት። ያባረርኳት እኔ ነኝ።»

ባለሆቴሉ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «በል እንግዲህ ከበሩ ላይ ዞር በል፤ ብርሃን ከለከልካት» አለው።

ሰዎቹ ተለክተው ሲሄዱ እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። «አየሽው? ፊቱን አየሽው?» እያልኩ ክፍሏን ዞርኳት። አክስቴ ግን በመስኮቱ የሰውዬውን ጀርባ ትከተል ነበር። ሲራመድ የትከሻው ስፌት ቅንጣት አይጨማደድም።

«በዕድሜዬ ከሰፋሁት ሁሉ የሚበልጠው ያ ጃኬት ነው» አለች።

«ታዲያ ደስ አይልሽም?»

«ባሌ እኮ ከእጄ አንድ ጃኬት ለብሶ አያውቅም። ሁሉንም እንሸጠው ነበር» አለችኝ።