«አቅቶት ነው» የሚል ጠፋ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሽሮ ሜዳ በነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን፣ ሸማ ሠሪው የእናቴ አባት ከሸማ ጉድጓዳቸው ወጥተው ወሬ የሚጀምሩት ያኔ ብቻ ነበርና። ከሰሉ ላይ እጃቸውን እያሞቁ፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ እየረገሙ፣ የሙሴን ነገር ያወሩልኛል። ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ካቋረጥኳቸው «እንግዲያው አንቺ ተናገሪ» ብለው ያኮርፋሉ።

ከሁሉ የምወደው ሙሴ ከእግዜር ጋር የተከራከረበትን ነበር። ሕዝቡ በምድረ በዳ ቢያጉረመርም እግዜር ላጥፋቸው አለ። «ሙሴ ሞኝ መሰለሽ?» ይላሉ አያቴ። «ስሙን ነው ያነሳበት። ‹ግብፆች ምን ይላሉ? ቃል የገባላቸው አገር ማስገባት ቢያቅተው በረሃ ላይ ፈጃቸው አይሉህም?› አለው። በቃ፣ ማራቸው። ለስሙ ሲል።»

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ኩላሊቷን ታማ አልጋ ላይ ዋለች። ለሚጠይቃት ጎረቤት ሁሉ «አምላኬ ያነሳኛል፣ ታያላችሁ» ትል ነበር። ይህን ስሰማ ልቤ ረጋ፤ የምከራከርበትን ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክኬ «ካላዳንካት ጎረቤቱ ምን ይላል? አቅቶት ነው አይሉህም?» አልኩት። በየቀኑ አልኩት። ድፍረቴ እኔኑ ያስፈራኝ ነበር፤ ግን እናቴ እንዳትሞትብኝ ነበር።

ጾም ሊገባ ሲል ሞተች።

በልቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ መሀል ተቀምጬ አፍ አፋቸውን ሳይ ዋልኩ። አንድ ሰው እንኳ «አቅቶት ነው» እንዲል እጠብቅ ነበር። አንዷ «ፈቃዱ ነው» አለች። ሌላዋ «ከስቃይ ገላገላት፣ ተመስገን» አለች። የእግዜር ስም ምንም አልሆነም፤ እናቴን ግን ቀብረን መጥተናል። ያን ቀን ሁሉንም ጠላኋቸው።

አመሻሹ ላይ አያቴ ጎን ሄጄ «አባባ፣ እኔም እንደ ሙሴ ነግሬው ነበር። ለምን አልሰማኝም?» አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

«እኔም ብዬው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ልክ እንደሱ ብዬ።»

ዛሬ ለእግዜር ክብር አልጨነቅም፤ ጠባቂ ሞልቶታል። የሚቆጨኝ በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እሳቸው ሸማቸው ላይ ሆነው፣ ተደባብቀን ለየብቻ መከራከራችን ነው። አንድ ላይ ብንለው ኖሮ ይሰማን ነበር ብዬ የማስብበት ቀን አሁንም አለ።