የመቻል ቁንጫ

ደባርቅ ቤት የተከራየሁት ከውሻዬ ጋር ነው። ስሙ መቻል ነው፤ ገና በሁለተኛው ሳምንት ግን ቁንጫ ፈጀንና እሱም እኔም መቻል አቃተን። እሱ በእግሩ ሲያክ እኔ በእጄ አካለሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ ውሻው የሚታጠብበት መድኃኒት ሰጠኝና፣ «እሱን ብቻ ብታጥበው ዋጋ የለውም። አልጋ ልብሱን በፈላ ውኃ እጠብ፤ ቤቱንም ግቢውንም በአንድ ቀን አጽዱ» አለኝ።

ስለዚህ ለአከራዬ ለእትዬ ጥሩነሽ መንገር ግድ ሆነ። በዚህ ብርድ ከነውሻዬ ቢያስወጡኝስ ብዬ ሦስት ቀን ፈራሁ። በአራተኛው ቀን አንገቴን ደፍቼ፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ውሻዬ ግቢዎን በቁንጫ አስወረረው» አልኳቸው።

እትዬ መሬት መሬቱን አዩ። ክንዳቸውን አከክ አደረጉ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ልጄ፣ አንተ ከተናዘዝክ እኔም ልናዘዝ። ቁንጫው የኔ ነው። ካንተ በፊት የነበረው ተከራይ በሱ ተማርሮ ነው ጥሎኝ የሄደው። አንተ ውሻ ይዘህ ስትመጣ፣ ‹ተመስገን፣ የሚሳበብበት መጣልኝ› ብዬ ነው ያከራየሁህ።»